ቢሾፍቱ አጠገብ ጎልፍ ሪዞርት፦ 18 ጉድጓድ ወይስ 9?

ጥያቄው በአጭሩ፦ «ከወንድሞቼ ጋር ሆነን ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ፣ ከአንድ ሐይቅ አቅራቢያ 48 ሄክታር መሬት በሊዝ ለመያዝ እየተደራደርን ነው። ሐሳባችን ባለ 18 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ፣ ባለ 100 ክፍል ሆቴል፣ ከሜዳው ግራና ቀኝ ደግሞ 60 ቪላ መሥራት ነው። ውሃ ከሐይቁ እንስባለን፤ የሆቴሉ ፍሳሽም ተጣርቶ ይጨመርበታል። ሳሩን ከዱባይ ለማስመጣት ዋጋ ጠይቀናል። አፈሩ ጥቁር ነው፣ ለም ነው ብለውናል። አርክቴክት ቀጥረን የሆቴሉን ዲዛይን ልናስጀምር ነውና ምን እናስቀድም?»

ሆቴሉን ለጊዜው ይተዉት። ጥያቄዎ ውስጥ አራት ግምቶች አሉ፦ መሬቱ ይበቃል፣ ሐይቁ ውሃ ይሰጣል፣ ጥቁር አፈር ለሳር ይመቻል፣ ጥሩ ሳር ከውጭ ይመጣል። አራቱም መታረም አለባቸው። የጎልፍ ሜዳ ላዩ ሳር ነው፤ ሥሩ ግን የመስኖና የውሃ ማፋሰሻ ሥራ ነው። ስፋቱን የሚወስነውም የይዞታ ካርታው ሳይሆን ከጥቅምት እስከ ግንቦት በየቀኑ እጅዎ ላይ የሚኖረው ውሃ ነው።

ከመሬቱ እንነሳ። ሙሉ ርዝመት ያለው ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ ከ5,500 እስከ 6,500 ሜትር ይረዝማል፤ ከ50 እስከ 70 ሄክታርም ይወስዳል። ይህ ሆቴሉን፣ መንገዱን፣ ኩሬውንና ቪላዎቹን ሳይጨምር ነው። በ48 ሄክታር ላይ 18ቱን ማስገባት ወረቀት ላይ ይቻላል። የሚቻለው ግን ፌርዌዮቹን፣ ማለትም ከመነሻው እስከ ባንዲራው ያለውን የታጨደ የሳር መስመር፣ እርስ በርስ በማጠጋጋት ነው፤ ያኔ የአንዱ ተጫዋች ኳስ የሌላውን ጭንቅላት ያገኛል። ጎን ለጎን የሚሄዱ የሁለት ፌርዌዮች መሐል መስመር ከ60 እስከ 75 ሜትር መራራቅ አለበት። ከመሐል መስመሩ እስከ ቤት አጥር ደግሞ 60 ሜትር ትንሹ ነው።

እሱም ቆላ ላይ ላለ ሜዳ የሚሠራ ቁጥር ነው። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ርቆ ይሄዳል። የተለመደው ስሌት በየ305 ሜትር ከፍታ 1.16 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ይህም ቢሾፍቱ ላይ ወደ 7 በመቶ፣ አዲስ አበባ ላይ ወደ 9 በመቶ ይደርሳል። ከባሕር ጠለል ላይ 200 ሜትር የሚሄድ ምት እዚህ 214 ይሄዳል ማለት ነው። ተጫዋች ይህን ይወደዋል፤ የቪላ ባለቤት ግን አይወደውም፤ የተጣመመ ምትም የሚርቀው በዚያው ልክ ነውና። ስለዚህ 60ውን ከ65 እስከ 70 ያድርጉት። ጀማሪ ቀኝ እጅ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ኳሱን ወደ ቀኝ ስለሚያጣምም፣ ቪላ የግድ ካስፈለገ ከፌርዌዩ በስተግራ ይሁን። ግራና ቀኝ ቪላ የሚደረደርበት አሠራር መሬት እንደልብ በሆነበት አገር ነው የሚያዋጣው። የእርስዎ መሬት ያን አይችልም። ከ60ው ቪላ 20ውን አንድ ቦታ ሰብስበው ይሥሩ፤ ሌላውን ይሰርዙ። የተሰበረ መስኮት የማን ወጪ እንደሆነም የሽያጭ ውሉ ላይ ከመጀመሪያው ይግባ።

ወደ ውሃው እንሂድ። በበጋ ከአፈርና ከሳር በትነት የሚሄደው በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ብለን እንያዝ። ሙቀት ወዳድ ሳር ከዚህ 70 በመቶውን ቢያገኝ ይበቃዋል። መርጫው ከሚረጨው ውስጥ 75 በመቶውን በትክክል ካደረሰ ደግሞ ደኅና ነው፤ ቀሪው በነፋስና በመደራረብ ይባክናል። ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ በቁጠባ ቢያዝ እንኳ 25 ሄክታር ውሃ ይጠጣል። 250,000 ካሬ ሜትር በ0.005፣ ከዚያ በ0.7 ይባዛና ለ0.75 ይካፈል፤ በቀን 1,170 ሜትር ኩብ ገደማ ይመጣል። በጋው 240 ቀን ነው ብንል 280,000 ሜትር ኩብ መሆኑ ነው።

የሆቴሉ ፍሳሽ ይህን አይሸፍንም። በ100 ክፍል 150 ሰው ቢያድር፣ የወጥ ቤቱና የልብስ ማጠቢያው ተደምሮ በቀን 70 ሜትር ኩብ ቢገኝ ነው፤ ከሚፈለገው 6 በመቶ። ሠርግ በማይኖርበት በዓቢይ ጾም ሆቴሉ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ያችም ትቀንሳለች፤ ሳሩ በጣም የሚጠማው ግን ያኔ ነው። ይህ ማለት የተጣራ ፍሳሽ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ለግሪኖቹ (ባንዲራ ለሚተከልባቸው ቦታዎች) እና ለመነሻዎቹ በቂ ነው፤ ክሎሪን ገብቶበት፣ ሰው በሌለበት ሌሊት ብቻ ይረጭ። የቧንቧ መስመሩም ከመጠጥ ውሃው ፈጽሞ የተለየና በቀለም የሚለይ ይሁን።

ሐይቁንማ እርሱት። የቢሾፍቱ ሐይቆች አብዛኞቹ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኙ፣ በገጸ ምድር መውጫ የሌላቸው ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ላየው ሰው የማያልቅ ይመስላል። መውጫ የሌለው ሐይቅ ግን የሚኖረው በሚገባውና በሚተነው መካከል ባለ ቀጭን ሚዛን ነው፤ ከመሐል በፓምፕ የሚወሰደው ሁሉ ከዳርቻው ይታያል። የሐሮማያን መድረቅና የአብያታን መሸሽ ያየ ሕዝብ የእርስዎን ፓምፕ ዝም ብሎ አያይም። በሕጉም ቢሆን ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑ በአዋጅ ቁጥር 197/1992 ተደንግጓል፤ ያለ መጠቀሚያ ፈቃድ መሳብ አይቻልም፤ ለፕሮጀክቱም የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ያስፈልጋል። መሬትዎ ወደ ሆራ አርሰዲ የሚቀርብ ከሆነ ደግሞ ኢሬቻ የሚከበርበት ቦታ ነውና ወደ ውሃው የሚወስደውን መንገድ የሚዘጋ ንድፍ ጠረጴዛ ላይ እንኳ አያስቀምጡ።

ቢፈቀድልዎም ውሃው ራሱ ላይስማማ ይችላል። ሆራና ቢሾፍቱ ሐይቆች ፒኤቻቸው 9 አካባቢ ነው፤ ሶዲየምና ባይካርቦኔት በዝቶባቸዋል። አረንጓዴ ሐይቅ ስፒሩሊና የሚባለውን ደቃቅ አልጌ የሚያበቅለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሶዲየም የሸክላ አፈር ቅንጣቶችን ይበታትናል፤ የተበታተነው ሸክላ የአፈሩን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ ከዚያ በኋላ ላዩ ላይ ውሃ ተኝቶ ሥሩ ይጠማል። ይህን ውሃ በጥቁር አፈር ላይ ማፍሰስ ሁለት ችግር ማጋባት ነው። ባይካርቦኔቱ ደግሞ ሶዲየሙን ሊመክት የሚችለውን ካልሲየም በኖራ መልክ ያዘቅጠዋል።

ስለዚህ ሊዙን ከመፈረምዎ በፊት ሁለት ሊትር ውሃ ከሐይቁም፣ አቅራቢያ ካለ የውሃ ጉድጓድም አስወስደው ያስመርምሩ። ላቦራቶሪው «ለመጠጥ ይሆናል ወይስ አይሆንም» ብሎ እንዲመልስ ሳይሆን ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ባይካርቦኔት፣ ካርቦኔት፣ ክሎራይድ፣ ቦሮንና ኢሲ (የጨዋማነት መለኪያ) በቁጥር እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ከእነዚህ ሁለት ስሌቶች ይወጣሉ። አንደኛው ሶዲየም ከካልሲየምና ከማግኒዥየም አንጻር ያለው ምጣኔ ነው፤ በሸክላ አፈር ላይ ከ6 ካለፈ መጠንቀቅ፣ ከ9 ካለፈ መተው ነው። ሁለተኛው ትርፍ ካርቦኔት ነው፤ በሊትር ከ2.5 ሚሊ ኢኩቫለንት ካለፈ ለመስኖ አይሆንም። ጂፕሰም መጨመር ያግዛል፤ ግን ጨዉ ታጥቦ የሚወጣበት ማፋሰሻ ከሌለ ጂፕሰሙ ብቻውን ምንም አይሠራም። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድም ይበዛዋል። ሳሩን አይጎዳውም፤ እንግዶችዎ የሚጠጡት ግን በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም።

ከሐይቁ ሌላ ያለው መንገድ ሦስት ምንጭ ማዋሐድ ነው። የመጀመሪያው የክረምት ውሃ የሚያቁር ኩሬ ነው። ክረምቱ 600 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥልና ከ48 ሄክታሩ ላይ ሩቡ ቢወርድ 72,000 ሜትር ኩብ ይሰበሰባል። 2 ሄክታር ስፋትና 4 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ የጎኖቹ ተዳፋት ተቀንሶ 60,000 ይይዛል። ከዚህ 24,000ውን በጋው ራሱ በትነት ይወስደዋል፤ ይህን ብዙ ሰው ማስላት ይረሳል። የቀረው 36,000 ለ240 ቀን ሲካፈል በቀን 150 ነው። ሁለተኛው በሰከንድ 5 ሊትር የሚሰጥ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ሲሆን በቀን 16 ሰዓት ቢሠራ 288 ይሰጣል። ሦስተኛው የተጣራው ፍሳሽ፣ 70። ድምሩ 508 ሜትር ኩብ ነው። ቅድም በሠራነው ስሌት መልሰን ብናሰላው 467 ሜትር ኩብ 10 ሄክታር ያጠጣል፤ ጥቂት መጠባበቂያም ይተርፋል። 10 ሄክታር የሚጠጣ ሳር ደግሞ የባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ ልክ ነው። 18 ጉድጓድ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ኩሬው አንድ ማስጠንቀቂያ። ጥቁር ሸክላ ውሃ ይይዛል ተብሎ ያለ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ንጣፍ) የሚተው ሰው አለ። ኩሬው ሙሉ እያለ እውነት ነው። በመጋቢት ውሃው ወርዶ የጎኑ አፈር ሲጋለጥ ግን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይወጣል፤ በሰኔ የመጣው ውሃ በዚያ ይሾልካል። 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጂኦሜምብሬን ያልብሱት። ሌላም ነገር አለ፦ ክፍት ውሃ ወፍ ይጠራል። ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ሰፈር አለ፤ አቡሴራ ላይም ትልቅ ኤርፖርት ታቅዷል። ወፍ የሚስቡ ነገሮች ከአውሮፕላን ማረፊያ በ13 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ሲሆኑ ጥያቄ ያስነሳሉ፤ ርቀቱን አስቀድመው ይለኩ።

ጥቁር አፈር ለም ነው ያሉዎት ሰዎች አልዋሹም፤ ጤፍና ሽምብራ ይመሰክሩለታል። ገበሬው ግን መረሬውን፣ ማለትም ይህንኑ ጥቁር አፈር፣ የሚዘራው ውሃው ሲጎድልለት ጠብቆ ነው። እርስዎ በነሐሴ መሐል ሰው ሊያስኬዱበት ነው። መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ በዚህ እንቅስቃሴው የመስኖ ቧንቧ መጋጠሚያ ይነቅላል፣ የመንገድ ኮንክሪት ይሰነጥቃል። መንገድ ሠሪዎች የሚያደርጉትን ያድርጉ፦ በመተላለፊያ መስመሮችና በዋና ቧንቧዎች ሥር መረሬውን ቆርጠው ያውጡና ሴሌክት (ለሙሌት የሚመረጥ አፈር) ወይም በአካባቢው የሞላውን ቀይ አሽ ይሙሉበት። ፌርዌዮቹን በሙሉ በአሸዋ መሸፈን ግን አይሞክሩት፤ 6 ሄክታርን 15 ሴንቲ ሜትር ለመሸፈን ብቻ 9,000 ሜትር ኩብ አሸዋ ይጠይቃል። ይልቅ መሐላቸውን ከፍ፣ ጎናቸውን ዝቅ አድርጎ ቢያንስ 3 በመቶ ተዳፋት መስጠት፣ ውሃው ሣር በለበሰ ቦይ ወደ ኩሬው እንዲወርድ ማድረግ ይበቃል። የሚባክን ውሃ አይኖርም፤ ኩሬውን የሚሞላው ይኸው ነው።

የማይቆጠብበት ቦታ ግሪኑ ነው፤ ባንዲራው የተተከለበትና ኳስ የሚንከባለልበት። ተጫዋች ስለ ሜዳው የሚያወራው ስለ ግሪኑ ነው። አንድ ግሪን በአማካይ 500 ካሬ ሜትር ነው። አሠራሩ ከታች ወደ ላይ እንዲህ ነው። መረሬው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ይወጣል፤ የታችኛው ወለል ግሪኑ ሲያልቅ የሚኖረውን ቅርጽ ይዞ ይጠቀጠቃል። በወለሉ ላይ በየ4.5 ሜትሩ ስፋቱ 15፣ ጥልቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦይ በዓሣ አጥንት ቅርጽ ይቆፈራል፤ 100 ሚሊ ሜትር የተበሳ ቧንቧ በትንሹ ግማሽ በመቶ ተዳፋት ይተኛበታል። በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር የታጠበ ጠጠር፣ ከዚያ 30 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ይመጣል። ጠጠሩ የጠጠር አምራቾች «ዜሮ አንድ» ከሚሉት ውስጥ ተነፍቶ ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው። ቧንቧውን በጨርቅ ማጣሪያ መጠቅለል የሚወዱ ኮንትራክተሮች አሉ፤ አያስጠቅልሉ። ጨርቁ በሁለት ክረምት በደቃቅ አፈር ይደፈንና ማፋሰሻው ይሞታል።

አሸዋው ጠጠር ላይ መተኛቱ ለማፋሰስ ብቻ አይደለም። በደቃቁና በሻካራው መገናኛ ላይ ውሃው ቶሎ አይወርድም፤ አሸዋው እስኪጠግብ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ሥሩ በበጋ የሚጠጣው ከዚያ ነው። በክረምት ዶፍ ሲወርድ ደግሞ አሸዋው ይጠግብና ክብደቱ ውሃውን ገፍቶ ወደ ጠጠሩ ይጥለዋል። ይህ ጨዋታ የሚሠራው የአሸዋው መጠን ከተስተካከለ ብቻ ነው፦ ቢያንስ 60 በመቶው ከሩብ እስከ 1 ሚሊ ሜትር መካከል፣ ደለል ከ5 በመቶ፣ ሸክላ ከ3 በመቶ ያልበለጠ። በላቦራቶሪ ሲለካም በሰዓት ቢያንስ 150 ሚሊ ሜትር ውሃ ማስወረድ አለበት።

የላንጋኖም ይሁን የመተሐራ፣ «ጥሩ አሸዋ ነው» የሚለው የግንበኛ ምስክርነት እዚህ አይሠራም። ግንበኛ የሚፈልገው ከሲሚንቶ ጋር የሚያያዝ ነው፤ እርስዎ የሚፈልጉት ፈጽሞ የማይያያዝ። ሲኖትራኩ ከመገልበጡ በፊት ከጭነቱ መሐል እፍኝ ይውሰዱ። ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር በጥብጠው ሁለት ሰዓት ያስቀምጡት፤ አሸዋው ላይ የጭቃ ንብርብር በግልጽ ከታየ መኪናውን ይመልሱ። ሌላውን ቅንጣት ደግሞ በሁለት ጥፍር መሐል ይጫኑት። የስምጥ ሸለቆ አሸዋ ፐሚስ (ቀላልና ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ሊቀላቀልበት ይችላል፤ በጥፍር የሚፈርስ ቅንጣት ከማጨጃ ማሽን ሥር ሦስት ዓመት ተፈጭቶ ዱቄት ይሆንና ግሪኑን ይዘጋል። ቀይ አሽም ለዚህ ቦታ አይሆንም። ለ9 ግሪንና ለአንድ መለማመጃ 1,500 ሜትር ኩብ አሸዋና 500 ሜትር ኩብ ጠጠር ያስፈልጋል፤ በ16 ሜትር ኩብ ሲኖ 125 ምልልስ ገደማ ነው። ለመጠቅጠቅና ለብክነት 10 በመቶ ይጨምሩ፤ ሁሉም አሸዋ ከአንድ ካባ ይምጣ።

ግሪን የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በክፋት ሳይሆን በደግነት ነው። አንድ ፎርማን «አሸዋ ብቻውን ምን ያበቅላል?» ብሎ ሁለት ገልባጭ ጥቁር አፈር ይቀላቅልበታል። ያ ግሪን በመጀመሪያው ዓመት ከሁሉም ይለመልማል፤ በሁለተኛው ክረምት ይበሰብሳል። የሚቀላቀል ነገር ካለ በደንብ የበሰለና የተነፋ ኮምፖስት ብቻ ነው፤ በመጠን ከ10 በመቶ ሳያልፍ፣ ተቀላቅሎም የውሃ ማስወረጃ ፈተናውን ካለፈ በኋላ።

ስለ ሳሩ። የዱባዮቹ ሜዳዎች ላይ ያለው ቤርሙዳ ከኛው ሰርዶ ጋር አንድ ዘር ነው፤ የተሻሻሉት ዝርያዎች ቅጠላቸው ቀጥኖ እድገታቸው ዝቅ ያለ ከመሆኑ በቀር። ለፌርዌይ እሱን በኮንቴይነር ማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ማባከን ነው። ሕያው ሳር ለማስገባት የግብርና ባለሥልጣን ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ በማቀዝቀዣ የመጣ ሳር ጉምሩክ ሦስት ቀን ቢዘገይ ቢጫ ሆኖ ይደርሳል። ቅጠሉ ቀጭንና ወጥ የሆነ የአካባቢ ሰርዶ መርጠው አንድ ዓመት ቀደም ብለው ችግኝ ጣቢያ ያስጀምሩ፤ በልማድ 1 ሄክታር ችግኝ ከ8 እስከ 10 ሄክታር ያስተክላል፤ ስለዚህ ለ6 ሄክታር ፌርዌይ 7,000 ካሬ ሜትር ይበቃል። ሰርዶ ጨውም ይችላል። ኪኩዩ ሳር የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ቢሆን እሱን እመርጥ ነበር፤ እዚህ ግን ግሪን ውስጥ እየገባ ያስቸግራል። ችግኙ ውስጥ አንድ ሐረግ እንዳይገባ ይጠብቁ።

ለግሪኑ ብቻ ከውጭ ያስመጡ፤ እሱም ዘር እንጂ ሕያው ሳር አይደለም። በቢሾፍቱ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ ቤርሙዳ በዚያን ጊዜ እድገቱን ያቆማል። ከፍተኛው የእንግዳ ወቅት ደግሞ ከገና እስከ ጥምቀት ነው። ብርድ የሚወደው ቤንትግራስ ለዚህ ከፍታ ይስማማል። የሚዘራው በካሬ ሜትር 5 ግራም ነው፤ ለ5,000 ካሬ ሜትር 25 ኪሎ። 35 ይግዙ፤ ቀሪው ለጥገና ነው። በሻንጣ የሚገባ ይመስላል፤ በሻንጣ አያስገቡ፣ በፈቃድ ያስገቡ። ወደ ላንጋኖ ቢወርዱ ግን መልሱ ይለወጣል፤ እዚያ ግሪኑም ቤርሙዳ መሆን አለበት።

የሥራው የጊዜ ሰሌዳ ለክረምቱ ይገዛል። የአፈር ሥራውና ማፋሰሻው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ማለቅ አለበት፤ ሰኔ ከገባ መረሬ ላይ ዶዘር አይንቀሳቀስም። ሰርዶው በሰኔ መጀመሪያ ይተከላል፤ ዝናቡ ያሳድገዋል። የግሪኑ ዘር ግን ዶፍ እንዳይጠርገው ከመስቀል በኋላ ይዘራ። ከተዘራ ከ9 እስከ 12 ወር ሳይሞላው ሰው አይውጣበት። ባለሀብት የምረቃ ቀን ቆርጦ ሳሩን የሚያስቸኩልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሳሩ ግን ጥሪ ወረቀት አያነብም።

አቀማመጡ ላይ ፀሐይን ያስቡ። እዚህ ኬክሮስ ላይ ዓመቱን ሙሉ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ወጥታ ማታም በዚያው ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። የመጀመሪያው ጉድጓድ ወደ ምሥራቅ፣ የመጨረሻው ወደ ምዕራብ አይዙር፤ ተጫዋቹ ኳሱን ያጣዋል። የምት መለማመጃው 270 ሜትር በ120 ሜትር ሆኖ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይይ። 18 ጉድጓድ ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ስለዚህ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል በኋላ የጀመረ አይጨርስም። ዘጠኙ ግን በሁለት ሰዓት ከሩብ ያልቃል። ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ መጥቶ፣ ምሳ በልቶ፣ 9 ሰዓት ተኩል ላይ የጀመረ ሰው ጀምበር ሳትጠልቅ ይጨርሳል። ለአገር ውስጥ እንግዳ 9 ጉድጓድ ጉድለት ሳይሆን ልኩ ነው። 18 መጫወት የሚፈልግ ሁለቴ ይዙር፤ በሁለተኛው ዙር ሌላ መነሻ፣ በዚያው ግሪን ላይ ሌላ ባንዲራ ያድርጉለት። ስኮትላንድ ውስጥ ባለው ጥንታዊ የሴንት አንድሩስ ሜዳ ሰባት ግሪኖች እያንዳንዳቸው ሁለት ጉድጓድ ያስተናግዳሉ፤ የሁለቱ ቁጥር ሲደመርም 18 ይሆናል።

እንግዳዎ አብዛኛው ዱላ ይዞ የማያውቅ መሆኑንም ይቀበሉ። ከኋላ መነሻ 3,000 ሜትር የሆነው ሜዳ ከፊት መነሻ ከ2,100 አይብለጥ። የሚከራይ ሙሉ የዱላ ስብስብ 30 ያህል ያዘጋጁ፤ ለሴቶች፣ ለልጆችና ለግራኝም ይኑር። ምግብ ቤቱ በረንዳ ሥር መለማመጃ ግሪን ያድርጉ፤ ቡና እየጠጣ ያየ ሰው ሄዶ ይሞክራል። በኤሌክትሪክ ጋሪ ፋንታ ኬዲ (የተጫዋቹን ዱላ የሚሸከም ረዳት) ያሠልጥኑ፤ መሬቱን የሰጡት ሰዎች ልጆች ሥራ ያገኛሉ፣ ጋሪ የሚሄድበት ኮንክሪትም አይሰነጠቅም።

የጥገናው ግቢ 1 ሄክታር ይሁን፤ ከሆቴሉ የማይታይ፣ ከኩሬው ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ። ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ከግሪን ታጥቦ ውሃ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያመጣ የቆቃን ሐይቅ ያየ ያውቃል። ለግሪን በወር በካሬ ሜትር ከ3 እስከ 5 ግራም ናይትሮጅን ይበቃል፤ በዩሪያ ሲሰላ ከ6.5 እስከ 11 ግራም ነው፤ በአንዴ ሳይሆን ለሁለት ተከፍሎ ይሰጥ። ማጨጃው በሲሊንደር የሚቆርጥ ይሁን፤ የሚሽከረከር ምላጭ ያለው ግሪኑን ይቦጫጭቀዋል። ቁመቱ በግሪን 4 ሚሊ ሜትር፣ በፌርዌይ ከ12 እስከ 15። ከማሽኑ ጋር የምላጭ መሳያውንና የሁለት ዓመት መለዋወጫ አብረው ይዘዙ፤ ቤልት ለማስመጣት ምንዛሪ እየተጠበቀ ግሪኑ በሳምንት ወደ ግጦሽ ይለወጣል። ፓምፑ በ10 የሌሊት ሰዓት 467 ሜትር ኩብ ለመግፋት በሰከንድ 13 ሊትር መስጠት አለበት፤ 15 ኪሎ ዋት ሞተር ይሆናል። ሁለት ያድርጓቸው፤ መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተርም ሆቴሉ ከሚጠቀምበት የተለየ ይሁን።

ፍልፈልን ደግሞ አይናቁ። በአንድ ሌሊት ግሪን ላይ የአፈር ቁልል ደርድሮ ያድራል። ግሪኑ ሲሠራ በዙሪያው ጥቅጥቅ ያለ የብረት ወንፊት 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይቀበር፤ በኋላ ማስገባት ግሪኑን መልሶ መቆፈር ነው።

ምክሬ ይኸው ነው፦ 18ቱን ይተዉ። 28 ሄክታር ላይ ባለ 9 ጉድጓድ፣ ሰርዶ ፌርዌይና ቤንትግራስ ግሪን ያለው ሜዳ፤ 3.5 ሄክታር መለማመጃ፤ 2 ሄክታር ኩሬ፤ 6 ሄክታር ሆቴል፤ 4 ሄክታር ለ20 ቪላዎች፤ 1 ሄክታር ለጥገና፤ ቀሪው ውሃ የማይጠጣ የግራርና የወይራ ጥላ ይሁን። ሆቴሉንም በ60 ክፍል ጀምረው አርባውን በኋላ ይጨምሩ፤ ፍሳሹ ያኔ እስኪደርስ ድረስ ውሃ ካጠረ የፌርዌዩ ጥቂት ክፍል ሳይጠጣ በጋውን ይክረም፣ ቢጫ ቢሆን በሐምሌ ይመለሳል።

አሁን አርክቴክቱን ሳይሆን ሦስት ሰው ይጥሩ፦ መሬቱን በግማሽ ሜትር ኮንቱር የሚያነሳ ሰርቬየር፣ የከርሰ ምድር ውሃ የሚያጠና ሃይድሮጂኦሎጂስት፣ በስድስት ቦታ ሁለት ሜትር አስቆፍሮ አፈሩን የሚያይ ባለሙያ። የሊዝ ድርድሩ ላይ የውሃ ጉድጓድ የመቆፈር ፈቃድን ቅድመ ሁኔታ አድርገው ያስገቡ። የሙከራ የውሃ ጉድጓዱ በሰከንድ ከ5 ሊትር በታች ከሰጠ ወይም ሶዲየሙ ከበዛ፣ ስድስት አጫጭር የጎልፍ ጉድጓድና መለማመጃ ብቻ ይሥሩ፤ ለእሱም የሚሆን ውሃ ከሌለ ሌላ ቦታ ይፈልጉ።